ኳሱ ለአንዱ ይከብዳል፣ ለሌላው ይበራል፦ የሚጋጭ የተጫዋቾች አስተያየት እንዴት ይነበባል?

ጥያቄ፦ «ሦስት ሆነን በ72 ሰዓት የጌም ጃም (በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ጨዋታ የሚሠራበት ውድድር) ላይ አንድ ጨዋታ ሠራን። አራት ተጫዋቾች በኢንተርኔት ይገናኙና ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ትልቅ ኳስ እየገፉ ወደ ተቃራኒው ቡድን ጉድጓድ ይከታሉ። እንቅስቃሴው በሙሉ በዩኒቲ (የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር) ፊዚክስ ነው፤ የሚከፈተው ደግሞ በብራውዘር። የመጣልን አስተያየት ግን ግራ አጋባን። አንዱ ኳሱ ከመጠን በላይ ይከብዳል ይላል፤ ሌላው እንደ ፊኛ ይበራል ይላል። ዝላዩ አልፎ አልፎ እምቢ ይላል ያሉ አሉ፤ እኛ ጋ ግን ሁልጊዜ ይሠራል። ‹ላግ አለው› (ይዘገያል) ያሉት ብዙ ናቸው፤ ወለሉን አልፎ ወደ ታች የወደቀም አለ። ገሚሶቹ ደግሞ ‹ሐሳቡ ደስ ይላል፤ አብሮኝ የሚጫወት ግን አላገኘሁም› ብለው ሄደዋል። የሚጋጩትን አስተያየቶች ትተን፣ የተሻለ ሰርቨር ተከራይተን፣ ኔትወርኩን ከዜሮ ብንጽፈውና ተጨማሪ ሜዳዎች ብንሠራ አይሻልም?»

ምላሽ፦

ሰርቨር አትከራዩ። ኔትወርኩንም ለጊዜው አትንኩት። የሚጋጩትን አስተያየቶች ግን መጣል ቀርቶ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድማችሁ መርምሯቸው፤ ከጻፋችሁት ውስጥ ስለ ጨዋታው ብዙ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ኳስ ተቃራኒ ነገር ሲናገሩ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «የሰው ፍላጎት ይለያያል» የሚለው ነው። በፊዚክስ በሚንቀሳቀስ ጨዋታ ግን ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ የገፉት ኳስ አንድ ላይሆን ይችላልና። በጃም ጥድፊያ በተጻፈ ኮድ ውስጥ ደጋግሜ የማየው ስህተት፣ የመግፊያው ኃይል አፕዴት በሚባለው የኮድ ክፍል ውስጥ መጻፉ ነው። ዩኒቲ ፊዚክሱን የሚያሰላው፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ በየ0.02 ሰከንዱ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ነው። አፕዴት ግን የሚሠራው አዲስ ፍሬም (አንድ የስክሪን ምስል) በተሳለ ቁጥር ነው። በሁለት የፊዚክስ እርምጃዎች መካከል ኃይል የሚጨምረው ትእዛዝ አድፎርስ ሦስት ጊዜ ከተጠራ ሦስቱም ኃይል ይደመራል። እስቲ አስሉት፦ 144 ኸርዝ (በሰከንድ 144 ጊዜ የሚሳል) ስክሪን ያለው ተጫዋች በአንድ የፊዚክስ እርምጃ በአማካይ 2.88 ጊዜ ይገፋል፤ በሰከንድ ከ30 ፍሬም የማያልፍ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ደግሞ 0.6 ጊዜ ብቻ። ያው ቁልፍ፣ ያው ኳስ፣ የኃይሉ ልዩነት ግን 4.8 እጥፍ። አንዱ «በረረብኝ»፣ ሌላው «አልነቃነቅ አለኝ» ቢል አይፈረድበትም።

ፊዚክሱን የሚያሰላው የማን ኮምፒውተር እንደሆነ አልጻፋችሁም። እንደ ብዙዎቹ የጃም ጨዋታዎች የጨዋታ ክፍሉን (አራቱ የሚገናኙበትን) የከፈተው ተጫዋች ከሆነ፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፦ የኳሱን ጠባይ የሚወስነው የእሱ ማሽን ይሆንና በአንዱ ክፍል አራቱም ሲቀልላቸው በሌላው ክፍል አራቱም ይከብዳቸዋል። ስለዚህ አስተያየቶቹን በሰው ሳይሆን በክፍል መድቡና እንደገና አንብቧቸው። አብረው የተጫወቱት ተመሳሳይ ነገር ካሉ ፍንጩ ይኸው ነው።

ማረጋገጫው ብዙ አይፈጅም። ጨዋታውን ከብራውዘር ውጭ፣ በዴስክቶፕ ስሪት አውጡት፤ ቪሲንክን (ፍሬሙን ከስክሪኑ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለውን) አጥፉና የፍሬም ጣሪያውን 30 ላይ አድርጉት። ኳሱን ከሜዳው አንድ ጫፍ አስቀምጡና የመግፊያውን ቁልፍ ሳትለቁ ሌላው ጫፍ እስኪደርስ ሰዓት ያዙ። ጣሪያውን 120 አድርጋችሁ ያንኑ ድገሙት። ሰዓቱ በግልጽ ከተለያየ ተገኘ ማለት ነው፤ ኃይል የሚጨምረውን መስመር በየፊዚክስ እርምጃው ወደሚሠራው ፊክስድ አፕዴት አዛውሩት። ጎዶት በተባለው ሌላ የጨዋታ መሥሪያ ላይ ለሚሠሩ አንባቢዎችም ነገሩ ያው ነው፦ እዚያ ፊዚክሱ በነባሪ በሰከንድ 60 ጊዜ ይሰላል፤ ግፊቱ መጻፍ ያለበት ፊዚክስ ፕሮሰስ ውስጥ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። መስመሩን ካዛወራችሁ በኋላ በራሳችሁ ማሽን ያስተካከላችኋቸው ቁጥሮች ይፈርሳሉ። የኳሱን ክብደትና የግፊቱን መጠን እንደ አዲስ ማስተካከል ይኖርባችኋል፤ እስካሁን ስለ ክብደት የመጣው አስተያየት ሁሉ ከዚያ በኋላ አያገለግልም። በእሱ ላይ ተመሥርታችሁ ኳሱን እንዳታቀሉት ወይም እንዳታከብዱት።

የዝላዩ ነገር የዚሁ ስህተት ግልባጭ ይመስለኛል። ቁልፍ መጫኑን የሚያነበው ጌት ኪይ ዳውን እውነት የሚሆነው ለአንድ ፍሬም ብቻ ነው። እሱን ፊክስድ አፕዴት ውስጥ ካነበባችሁትና በዚያ ፍሬም ላይ የፊዚክስ እርምጃ ካልዋለ ጭነቱ እንዳልነበረ ይጠፋል። በ144 ኸርዝ ስክሪን ላይ ከሦስት ፍሬም ሁለቱ ገደማ የፊዚክስ እርምጃ የላቸውም፤ ያ ተጫዋች አብዛኛው ዝላዩ ይበላበታል። በ60 ደግሞ ከስድስት አንዱ ያህል ይጠፋል፤ «አልፎ አልፎ» የሚሉት እነዚህ ናቸው። እናንተ ጋ ሁልጊዜ የሠራው ምናልባት በአንድ ኮምፒውተር ላይ አራት መስኮት ከፍታችሁ ስለሞከራችሁት ነው፤ ፍሬሙ ከ50 ሲወርድ እያንዳንዱ ፍሬም ቢያንስ አንድ የፊዚክስ እርምጃ ስለሚይዝ ምንም አይጠፋም። እንዲያውም አንዳንዴ ሁለቴ ዘልሎባችሁ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ቁልፉን አፕዴት ውስጥ አንብቡና ምልክት አስቀምጡ፤ ዝላዩን ፊክስድ አፕዴት ውስጥ ፈጽሙና ምልክቱን አጥፉ።

እግረ መንገዳችሁን ለተጫዋቹ ትንሽ ይቅርታ ጨምሩለት። መሬት ከመንካቱ 0.1 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ቢጫን ዝላዩን ያዙለትና ሲያርፍ ይዝለል፤ ከጠርዝ ከወረደ በኋላም ለዚያው ያህል ጊዜ ይፈቀድለት። ተጫዋቹ ይህ እንደተደረገለት አያውቅም። የሚያውቀው ጨዋታው «እንደሚታዘዝለት» ነው።

ወለሉን አልፎ የወደቀው ሰው ሁለት ዓይነት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ቀላሉ ፍጥነት ነው። በሰከንድ 20 ሜትር የሚወርድ አካል በአንድ የፊዚክስ እርምጃ 40 ሴንቲሜትር ይጓዛል፤ ወለላችሁ ከዚያ የቀጠነ ከሆነ አንዴ ከላይ፣ በሚቀጥለው እርምጃ ከታች ሊገኝና መሐል ላይ ግጭት ሳይመዘገብ ሊያልፍ ይችላል። የወለሉን ኮላይደር (ግጭት የሚለካበትን ቅርጽ) ወደ ታች አወፍሩት፤ ለኳሱና ለተጫዋቾቹ ብቻ ደግሞ ተከታታይ የግጭት ፍተሻን (በእርምጃዎች መካከልም የሚፈትሸውን) አብሩ፤ ለሁሉም ነገር ካበራችሁት ስሌቱ ይከብዳል። ሁለተኛው ምክንያት ባለብዙ ተጫዋች ጨዋታ ላይ የበለጠ የተለመደ ነው። ከኔትወርክ የመጣ ቦታ በቀጥታ ትራንስፎርሙ (የአካሉ ቦታ መመዝገቢያ) ላይ ሲጻፍ አካሉ ተጉዞ ሳይሆን ተተክሎ ነው የሚገኘው፤ ሌላ አካል ውስጥ ወይም ወለል ውስጥ ሊተከልም ይችላል። ፊዚክሱ ያን ጊዜ የተደራረቡትን ለማላቀቅ በኃይል ይገፋል፤ አንዱ ወደ ሰማይ ሌላው ወደ ምድር ይሄዳል። ከአስተያየቶቹ ውስጥ «ኳሱ በድንገት ፈነዳ» ወይም «ተወረወርኩ» የሚል ካለ ከዚህኛው ጋር አንድ ላይ መዝግቡት።

አሁን ወደ ላጉ። ሰርቨር የመከራየት ሐሳባችሁ የመጣው ላግን አንድ በሽታ አድርጋችሁ ስለወሰዳችሁት ነው። ተጫዋች ነገሩ እጁን ተከትሎ ካልሄደለት «ላግ» ብሎ ይጽፋል፤ ከሥሩ ግን ቢያንስ አራት የተለያዩ ነገሮች ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሰርቨር በመቀየር የሚድነው ደግሞ ከመካከላቸው የአንዱ ክፋይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ብቻችሁን ተጫወቱ። ያኔም ከተንቀጠቀጠ ጉዳዩ ከኔትወርክ ጋር አይገናኝም። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ካሜራው ነው፦ አካሉ በሰከንድ 50 ጊዜ ቦታ ሲቀይር ስክሪኑ 60 ጊዜ ይሳላል፤ አንዳንዱ ፍሬም ላይ አካሉ ባለበት ቆሞ ይታያል፣ ዓይን ደግሞ ይህን መንቀጥቀጥ አድርጎ ያነበዋል። የተጫዋቹ ሪጂድ ቦዲ (ፊዚክስ የሚያንቀሳቅሰው አካል) ላይ ኢንተርፖሌትን (በእርምጃዎች መካከል ያለውን ቦታ የሚሞላውን) ማብራትና ካሜራውን ከአፕዴት በኋላ በሚሠራው ሌት አፕዴት ውስጥ ማስከተል በአምስት ደቂቃ ይለቅላችኋል። በዚህ ብቻ «ላግ» የሚለው አስተያየት በግማሽ ቢቀንስ አይገርመኝም።

ከኔትወርክ ጋር የሚገናኘው አንደኛው ነገር ርቀት ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰርቨሩ 5,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ በትንሹ 50 ሚሊሰከንድ ነው፤ ኬብሉ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድና በየመሐሉ ማሽኖች ስላሉ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ውድ ሰርቨር ይህን አያሳጥረውም። ቅርብ ሰርቨር ያሳጥረዋል፤ ግን የጃም ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ በየአህጉሩ የተበተኑ ስለሆኑ ለሁሉም ቅርብ የሚሆን ቦታ የለም።

ሁለተኛው ብራውዘሩ ነው፤ ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። ብራውዘር ውስጥ እንደ ዴስክቶፕ በዩዲፒ (የጠፋውን መረጃ ሳይጠብቅ በሚልከው መንገድ) በቀጥታ መላክ አይቻልም። አብዛኞቹ የጃም ጨዋታዎች የሚጠቀሙት ዌብሶኬት ሁሉንም በቅደም ተከተል በሚያደርሰው ቲሲፒ ላይ ስለሚሄድ አንድ ፓኬት (የመረጃ ቁራጭ) መንገድ ላይ ከጠፋ ከኋላው የደረሱት ሁሉ፣ እንደ ሰልፍ፣ የፊተኛው እስኪስተናገድ ቆመው ይጠብቃሉ። ተጫዋቹ የሚያየው ኳሱ ደርቆ ይቆምና በድንገት ዘሎ ሌላ ቦታ ሲገኝ ነው። የዌብአርቲሲ (የሌላው የብራውዘር መገናኛ) ዳታ ቻናል የጠፋውን ሳይጠብቅና ቅደም ተከተል ሳይጠይቅ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። እሱን መዘርጋት ግን የራሱ ጣጣ አለው፤ ለዚህ ደረጃ አልመክረውም።

ሦስተኛው፣ የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ ራሱ የሰርቨሩን መልስ ጠብቆ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ነው። ቁልፉ ተጭኖ ምንም ሳይሆን ቆይቶ ይነሳል፣ ተለቆም ትንሽ ይሄዳል፤ «ያንሸራትታል» ያላችሁ ሰው ካለ የሚያወራው ስለዚህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የቆየ ነው፦ ክዌክወርልድ የተባለው የኢንተርኔት ተኩስ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1996 የራስን ተጫዋች ወዲያው በራስ ማሽን አንቀሳቅሶ ከሰርቨሩ መልስ ጋር በኋላ ማስታረቅን አስለምዷል። ሰውዬውን ብቻ እንዲህ ማድረግ ለእናንተም ይቻላል። ችግሩ ኳሱ ላይ ነው። ኳሱ የአራት ሰዎች ግፊት ድምር ስለሆነ የእኔ ማሽን ኳሱ ወዴት እንደሚሄድ በትክክል ሊገምት የሚችለው የሦስቱን ሰዎች ጣት ቀድሞ ካወቀ ነው። መኪኖች ኳስ የሚጫወቱበት ሮኬት ሊግ ይህን ያደረገው ፊዚክሱን በሰከንድ 120 ጊዜ እያሰላ፣ ኳሱንም መኪኖቹንም በየተጫዋቹ ማሽን እየገመተና ከሰርቨር ጋር እያረመ ነው፤ ሠሪው ሳዮኒክስ ግን ሮኬት ሊግን እ.ኤ.አ. በ2015 ከማውጣቱ በፊት እ.ኤ.አ. በ2008 ሌላ የመኪናና የኳስ ጨዋታ አውጥቶ ነበር። በአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚገለበጥ ሥራ አይደለም።

«ሮልባክ አድርጉት» (ግምቱ ሲሳሳት ወደ ኋላ ተመልሳችሁ እንደገና አስሉ) ወይም «የቁልፍ ጭነቶችን ብቻ ላኩ» የሚል አስተያየት ከመጣላችሁ አመስግናችሁ እለፉት። ሁለቱም የሚሠሩት ተመሳሳይ ግብዓት በየማሽኑ አንድ ዓይነት ውጤት ሲሰጥ ነው። ዩኒቲ የሚጠቀምበት ፊዚክስ በተለያዩ ማሽኖች ላይ እስከ መጨረሻዋ አሃዝ አንድ ለመሆኑ ዋስትና የለም፤ ከነጥብ በኋላ ያለች ኢምንት ልዩነት ከጥቂት ግጭቶች በኋላ ኳሱን አንዱ ጋ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሌላው ጋ ሜዳ ላይ ታደርገዋለች። ሮልባክ ደግሞ ያለፉትን በርካታ እርምጃዎች በአንድ ፍሬም ውስጥ መልሶ ማስላትን ይጠይቃል። ለሁለት ተደባዳቢዎች ቀላል ነው፤ ለሚጋፉ የፊዚክስ አካላት ክምር ግን ከባድ።

ከኔትወርኩ ይልቅ የሚያዋጣው ዲዛይኑ ነው። መዘግየትን የሚደብቅ ኳስ ከባድ ኳስ ነው። ለመነሳት ጊዜ የሚወስድ፣ ከተነሳም በኋላ አቅጣጫውን ቀስ ብሎ የሚቀይር ኳስ 100 ሚሊሰከንድ ያለፈበትን ቦታ ብታሳዩት ልዩነቱ የአንድ ስንዝር ያህል ነው፤ ቀላልና ፈጣኑ ኳስ በዚያው ጊዜ የሜዳውን ሩብ ሊያቋርጥ ይችላል። ስለዚህ ፍሬሙን ካስተካከላችሁ በኋላም «ይከብዳል» የሚል አስተያየት ከቀጠለ ኳሱን ለማቅለል አትቸኩሉ። ክብደቱን ትታችሁ ምላሹን አድምቁት፦ ሰውየው ሲገፋ ጎንበስ ይበል፣ አቧራ ይነሳ፣ ድምፁ ወዲያው ይሰማ። ይህ ሁሉ በራሱ ማሽን ላይ ስለሚሆን ሰርቨር አይጠብቅም። ተጫዋቹ ግፊቱ እንደተቆጠረለት ካየ ኳሱ ዘግይቶ ቢነሳ ክብደት ነው ብሎ ይቀበለዋል። በመዘግየትና በክብደት መካከል ያለው ልዩነት፣ ለተጫዋቹ፣ ይህ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ በደብዳቤያችሁ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ የጠቀሳችሁት ነገር፦ «አብሮኝ የሚጫወት አላገኘሁም»። ከሁሉም የከበደው ይኸ ነው። ሌሎቹ ቢያንስ ተጫውተው አማረሩ፤ እነዚህ ጨዋታውን አላዩትም። የጃም ጨዋታ የሚገመግሙት በአብዛኛው ራሳቸው የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ረጅም ዝርዝር ይዘው፣ ብቻቸውን፣ በማይታወቅ ሰዓት ገብተው ጥቂት ደቂቃ ይሞክራሉ። በዚያች ደቂቃ ባዶ ክፍል ካገኙ «ሐሳቡ ደስ ይላል» ብለው ይወጣሉ። ሉደም ዳሬን በመሰለ ጃም ላይ ነጥብ ለመቆጠር ወደ 20 ግምገማ ስለሚያስፈልግ ባዶ ክፍል ደረጃ እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል። ይህን የሚፈታው ሰርቨር የለም። በአንድ ኪቦርድ ሁለት ሰው የሚጫወትበትን መንገድ ክፈቱ፤ ብቻውን ለገባ ደግሞ ቦት (በኮምፒውተር የሚመራ ተጫዋች) አስገቡ። ቦቱ ብልህ መሆን የለበትም፦ በኳሱና በጉድጓዱ መስመር ላይ ከኳሱ ጀርባ ያለውን ነጥብ ይፈልግ፣ ወደዚያ ይሩጥ፣ ከደረሰ ይግፋ። በፊዚክስ ጨዋታ ውስጥ የሞኝ ቦት መደናቀፍ ራሱ ያስቃል።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ርካሽ ኪቦርዶች ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ ሲጫን አንዳንዱን አይመዘግቡም፤ አራት ሰው በአንድ ኪቦርድ አታስቡ፣ ለሁለት የመረጣችኋቸውንም ቁልፎች በተለያዩ ኪቦርዶች ሞክሯቸው። ኮንትሮለር ከፈቀዳችሁ ደግሞ ብራውዘሩ ኮንትሮለሩን ለገጹ የሚያሳየው ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ከተጫነ በኋላ ስለሆነ፣ «ለመግባት ማንኛውንም ቁልፍ ይጫኑ» የሚል ጽሑፍ ካላስቀመጣችሁ «ኮንትሮለር አይሠራም» የሚል አስተያየት ጠብቁ።

አስተያየት ስታነቡ የሰውየውን መድኃኒት ትታችሁ ምልክቱን ውሰዱ። የጃም አስተያየት ይሉኝታ ይበዛበታል፤ ሁሉም ሌላው መጥቶ የእሱን ጨዋታ እንዲያይለት ይፈልጋል። «ደስ ይላል» ክብደት የለውም። «ሦስተኛው ዙር ላይ ዝላዩ እምቢ ሲለኝ ተውኩት» የሚለው ግን የት እንደተሰበረ ይነግራችኋል። በስክሪኑ ጥግ ላይ የፍሬሙን ቁጥር፣ ፒንጉን (የደርሶ መልሱን ጊዜ)፣ የስሪቱን ቁጥርና ክፍሉን ማን እንደከፈተው በትንሽ ጽሑፍ አሳዩ፤ ሰው የስክሪን ፎቶ በላከላችሁ ቁጥር ግማሹ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

ጨዋታው «ያስቸግራል» ያለን ሁሉ ለማስደሰት ግን አትሞክሩ። የቀዶ ሕክምና ጨዋታው ሰርጀን ሲሙሌተር የተወለደው እ.ኤ.አ. በ2013ቱ ግሎባል ጌም ጃም በ48 ሰዓት ነው፤ የሚያስቀውም የሐኪሙ እጅ አልታዘዝ ማለቱ ነው። የእናንተ ኳስም መደነቃቀፉ ሊሆን ይችላል ጨዋታው። መለያው ይኸው፦ በየማሽኑና በየዙሩ አንድ ዓይነት የሆነ አስቸጋሪነት ይለመዳል፣ ሰው በራሱ ይስቃል። እንደ ስክሪኑ የሚለዋወጥ አስቸጋሪነት አይለመድም፣ ሰውም ጨዋታውን ይረግማል። ሁለተኛውን ሳታስወግዱ የመጀመሪያውን መለየት አትችሉም፤ ለዚህ ነው የክብደት ቁጥር ከመንካታችሁ በፊት ፍሬሙን አስተካክሉ የምለው።

ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያ ግፊቱንና ዝላዩን ከፍሬም ጥገኝነት አውጡ፣ ካሜራውን አለስልሱ፣ ወለሉን አወፍሩ። ቀጥሎ የሁለት ሰው ኪቦርድና ቦት። ግምገማው ገና ክፍት ከሆነ የጃማችሁን ደንብ አንብቡ፤ ስህተት ማረም ፈቅደው አዲስ ይዘት የሚከለክሉ አሉ፣ ጭራሽ ፋይሉን የሚቆልፉም አሉ፤ ቦቱ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ግልጽ ካልሆነ አዘጋጆቹን ጠይቁ። አዲስ ሜዳ አሁን አያስፈልግም፤ አንዱ ሜዳ ላይ ያልተፈታ ችግር በአምስት ሜዳ አምስት ቦታ ይታያል። ከዚያ ጨዋታውን ፈጽሞ የማያውቁ ሁለት ሰዎች አንድ ኪቦርድ ላይ አስቀምጡና ምንም ሳታስረዱ ከኋላ ቆማችሁ ተመልከቱ። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ማንም ሳይነግራቸው ሁለተኛውን ከጀመሩ የኔትወርኩን ሥራ በዌብአርቲሲ ጀምሩት። እናንተን ዞር ብለው ካዩ ግን ገና ናችሁ፤ የሚቀረው ሥራ ኳሱ ላይ ነው።